ፒክአፑ ከሊፍቱ ክንድ ላይ ለምን ተንሸራተተ?

ጥያቄው፦ «ጅማ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ማሰልጠኛ የአውቶሞቲቭ አሰልጣኝ ነኝ። ባለ ሁለት ምሰሶ፣ 4 ቶን የሚያነሳ የሃይድሮሊክ ሊፍት አለን። ባለፈው ሳምንት ደብል ካቢን ሃይሉክስ ስናነሳ ጎማዎቹ ከመሬት ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ እንዳሉ የኋላ ግራው ተንሸራቶ መኪናው አዘነበለ። ቶሎ ስላወረድነው ሰው አልተጎዳም። መኪናው መርገጫ ስላለው ክንዱ ሻንሲውን (ከሥር ያለውን የብረት አጽም) አልደርስ ብሎ በፓዱ፣ ማለትም በክንዱ ጫፍ ባለው ማረፊያ ላይ ጣውላ አስቀምጠን ነበር። ሊፍቱ ተበላሽቶ ነው ወይስ አነሳሳችን? በአንድ ፈረቃ 24 ሰልጣኞች አሉኝ፤ እንዴት ባሠራቸው ይሻላል?»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሰው ሳይጎዳ በመቅረቱ እግዚአብሔር ይመስገን። ከጻፉት ተነስቼ ስፈርድ የሊፍቱ ብልሽት አይመስለኝም። ሊፍት ሲበላሽ ምልክቱ ሌላ ነው፤ ክንዶቹን ይዘው በምሰሶዎቹ ላይ የሚወጡት የግራና የቀኝ ተንሸራታቾች እኩል አይወጡም፣ ክብደት እንደያዘ ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ሊፍቱን ከፍ እንዳለ የሚቆልፈው የደህንነት ጥርስ ሲያልፍ የሚሰማው «ቀጭ ቀጭ» ከአንዱ ምሰሶ ብቻ ይመጣል። እናንተ ጋ ሊፍቱ ባለበት ቆሞ መኪናው ነው ከክንዱ ላይ የሄደው። በባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት ላይ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ ብረቱ ሳይሰበር፣ ዘይቱ ሳይፈስ፣ በደንብ ያልተቀመጠ መኪና ተነስቶ ይወድቃል። በዚህ ምላሽ ደጋግሜ የምመለስበት አንድ ነገር ስላለ ከወዲሁ ልናገረው፦ ጎማው ከመሬት በተላቀቀባቸው የመጀመሪያዎቹ 15 ሴንቲሜትሮች ላይ ሊፍቱ መቆም አለበት። እዚያ ላይ ሳይታይ ያለፈ ስህተት መኪናው ከሰው አናት በላይ ከሆነ በኋላ ማረሚያ የለውም። የእናንተ መኪና ሁለት ስንዝር ላይ መንሸራተቱ ያ ማቆሚያ እንደታለፈ ይነግረኛል።

ከጣውላው ልጀምር። ሃይሉክስ ሻንሲ ያለው መኪና ስለሆነ የሚነሳው በሻንሲው ነው። መርገጫው ከሻንሲው ዝቅ ብሎ ስለሚንጠለጠል ክንዱ አስቀድሞ የሚነካው እሱን ነው። ለዚህ የተሠራው መፍትሔ ለዚያው ሊፍት ሞዴል የሚመጣው የብረት ማራዘሚያ ነው። ብዙ ጊዜ 7.5 እና 15 ሴንቲሜትር ያህል ቁመት ኖሮት በአራት በአራት ይመጣል፤ እግሩ በክንዱ ጫፍ ካለው ቀዳዳ ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ ወደ ጎን የሚሄድበት መንገድ የለውም። ጣውላን ግን ወደ ጎን የሚይዘው ነገር የለም። ክብደት ሲያርፍበት ይጨመቃል፣ በቃጫው አቅጣጫ ይሰነጠቃል፣ እርጥብ ሆኖ ዘይት የነካው ፓድ ላይ ሲቀመጥማ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጡብ፣ የብሎኬት ስባሪና የቧንቧ ቁራጭም ከጣውላ አይሻሉም። ማራዘሚያው እስኪገኝ ድረስ ያ መኪና በዚያ ሊፍት ላይ አይውጣ፤ በክሪክና በብረት መደገፊያ ስታንድ ይሠራ።

ጣውላው መንሸራተቱ ብቻ አይደለም ጉዳቱ። የአራቱን ክንዶች ቁመት ያበላሻል። አራት እግር ያለው ጠረጴዛ አንዱ እግሩ ሲያጥር የሚሆነውን ያስቡ፤ ክብደቱ በሁለት ተሻጋሪ እግሮች ላይ ያርፋል፣ የቀሩት ሁለቱ እየተነሱ እየወደቁ ይወዛወዛሉ። መኪናም በሊፍት ላይ እንዲሁ ነው። አንዱ ፓድ ከሌሎቹ በጥቂት ሴንቲሜትር ዝቅ ወይም ከፍ ካለ የመኪናው ክብደት ወደ አንድ የፊት ክንድና በተቃራኒው ጎን ወዳለው የኋላ ክንድ ይሸሻል። ሻንሲው ትንሽ ስለሚጠመዘዝ ነገሩ በሙሉ እንዲህ አይሆንም፤ አቅጣጫው ግን ወደዚያ ነው።

እዚህ ላይ ሰልጣኞች አጥብቀው ሊያውቁት የሚገባ ሒሳብ አለ። «4 ቶን» ተብሎ የተጻፈበት ሊፍት በእያንዳንዱ ክንድ የሚችለው 1 ቶን ነው፤ አራት ክንድ፣ አራት ቶን። ባዶ ደብል ካቢን ፒክአፕ ወደ 2 ቶን ይመዝናል እንበል። ከፊት 1,140 ኪሎ፣ ከኋላ 860 ኪሎ ቢያርፍና ግራና ቀኙ እኩል ቢሸከሙ አንዱ የፊት ክንድ 570 ኪሎ ብቻ ይይዛል፤ ይህ ምንም አይደለም። ክብደቱ ወደ ሁለቱ ተሻጋሪ ክንዶች ከሸሸ ግን ያ አንድ የፊት ክንድ ወደ 1,140 ኪሎ ይጠጋል። 2 ቶን መኪና በ4 ቶን ሊፍት ላይ ሆኖ አንዱን ክንድ ከአቅሙ በላይ ጫነው ማለት ነው። «ሊፍቱ 4 ቶን ስለሚችል ችግር የለም» የሚለው አነጋገር ስንት ጊዜ እንደሚያሳስት ከዚህ ይታያል።

ሁለተኛው ሒሳብ ፓዱ በሻንሲው ርዝመት ላይ የት እንዳረፈ የሚመለከት ነው። የመኪናው የክብደት ማዕከል ከፊት ጎማ መሐል 1.33 ሜትር ወደ ኋላ ነው ብለን እንውሰድ፤ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 3.08 ሜትር ገደማ ላለውና ወደ ፊት ለሚከብድ ባዶ ፒክአፕ የሚቀራረብ ቁጥር ነው። የፊት ፓዶቹን ከፊት ጎማ መሐል 0.6 ሜትር፣ የኋላዎቹን 2.2 ሜትር ላይ ብናስቀምጥ የፊት ክንዶቹ 54 በመቶ፣ የኋላዎቹ 46 በመቶ ይሸከማሉ። አሁን አራቱንም ፓዶች 20 ሴንቲሜትር ብቻ ወደ ኋላ እንግፋቸው፤ 0.8 እና 2.4 ሜትር። የፊቶቹ ድርሻ ወደ 67 በመቶ ይዘልና እያንዳንዱ የኋላ ክንድ 330 ኪሎ ብቻ ይቀረዋል። አንድ ስንዝር ይህን ያህል ያመጣል። ጥቂት የሚጫነው ፓድ መኪናውን አጥብቆ አይዝም፤ ትንሽ ነቅነቅ ሲል የሚያመልጠውም እሱ ነው። የእርስዎ መኪና በኋላ ግራ በኩል መሄዱ ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ጣውላ ተጨምሮበት ደግሞ ምን ያቆመዋል?

በዚያው አቀማመጥ ላይ ሰልጣኞች የኋላውን ዲፈረንሻልና አክስል ከነጎማው ቢያወርዱስ? 200 ኪሎ ያህል ከጫፍ ላይ ይነሳል። የክብደት ማዕከሉ ወደ 1.14 ሜትር ይመጣል፣ እያንዳንዱ የኋላ ክንድ የሚይዘው ከ190 ኪሎ አይበልጥም። ሌላ ሰው ደግሞ ከፊት በኩል በረጅም ቧንቧ ብሎን ሲስብ መኪናው በአፍንጫው ሊደፋ ይችላል። ሞተር፣ ካምቢዮ ወይም አክስል የሚወርድበት ሥራ ካለ ቁመታቸው የሚስተካከል ረጃጅም ስታንዶች ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከፊትም ከኋላም ይግቡ። ስታንዱ የሚነካው ማኑዋሉ በፈቀደው ጠንካራ ቦታ ነው። ሥራው መኪናውን ማረጋጋት ስለሆነ ተጠግቶ እስኪነካ ብቻ ይስተካከል፤ በሱ ላይ መኪናውን ከፓዱ ወደ ላይ መግፋት ሌላ አደጋ ያመጣል። ሊፍቱን ከማውረድዎ በፊት ሁሉም ስታንዶች መውጣታቸውን ደግሞ ዞሮ ማየት ግድ ነው።

አንዳንድ ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍቶች የፊት ክንዶቻቸው አጫጭር፣ የኋላዎቹ ረጃጅም ናቸው፣ ምሰሶዎቹም ትንሽ ዞረው ይተከላሉ። እንዲህ ያለው ሊፍት መኪናው ወደ ኋላ ገባ ብሎ እንዲቆም ታስቦ የተሠራ ነው፤ በሩ ከምሰሶው ጋር ሳይጋጭ ይከፈታል። አራቱም ክንዶች እኩል የሆኑበት ደግሞ መኪናውን መሐል ለመሐል ይፈልጋል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ክንዶቹን በሜትር ለክተው ይወቁና የፊት ጎማ የት እንደሚቆም ለሚያሠለጥኑባቸው መኪናዎች ወለሉ ላይ በቀለም ምልክት ያድርጉ። ማኑዋሉ ካልፈቀደ በስተቀር መኪናውን በሪቬርስ አስገብቶ ማንሳት አይገባም።

ጅማ ስለሆናችሁ ስለ ጭቃው ሳልናገር አላልፍም። በክረምት ከአጋሮ ወይም ከገጠር ቀበሌ መንገድ የመጣ መኪና ሻንሲው ሥር ቀይ ሸክላ ይዞ ይመጣል። ፓዱ የሚያርፈው ብረቱ ላይ መስሎ ጭቃው ላይ ነው። ጭቃው ሲጨፈለቅ ፓዱ ይዘቀዝቃል፣ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ መኪናው ሥር ለቆመው ልጅ ደግሞ ዓይኑ ውስጥ ይወድቃል። ወደ ሊፍት የሚመጣ መኪና አስቀድሞ ከሥሩ ይታጠብ። ጊዜ ከሌለ ቢያንስ አራቱ የማንሻ ቦታዎች በብረት ብሩሽ ተፍቀው በጨርቅ ይደረቁ፣ የፓዶቹም ጎማ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። ጎማው የተሰነጠቀ፣ በመሐሉ ብረቱ የሚታይ ወይም ዘይት ጠጥቶ የለሰለሰ ፓድ ይቀየር። ከሊፍቱ ክፍሎች ሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

አሁን አነሳሱን በቅደም ተከተል ልናገር። መኪናው ባዶ ይሁን፤ በፒክአፑ ላይ የተጫነ የቡና ኩንታል ካለ ይራገፍ፣ ውስጡ ሰው አይቅር። ሥራው የጎማ ዳዶ ወይም የአክስል ዳዶ መፍታት ካለበት መጀመሪያ የሚላላው መኪናው መሬት ላይ ቆሞ፣ ታኮ ተደርጎለት ነው፤ በአየር ላይ ያለ መኪና ላይ ቧንቧ ተጨምሮ አይጎተትም። ክንዶቹ ይግቡ፣ ፓዶቹ ከማንሻ ቦታዎቹ ሥር ይሁኑ፣ አራቱም እኩል ቁመት ላይ መሆናቸው ጎንበስ ተብሎ ይታይ። ፓዱ የነዳጅ ማጠራቀሚያን፣ የፍሬን ቱቦን፣ ማርሚታን ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦን መንካት የለበትም። ፓዶቹ ሻንሲውን እስኪነኩ ድረስ ብቻ ሊፍቱ ይነሳና ይቁም። እንደገና በአራቱም ማዕዘን ይዙሩ። ክንዱ ምሰሶው አጠገብ ያለው ጥርስ ተናክሶ ወደ ጎን እንዳይዞር መያዙን በእጅ ገፋ አድርገው ይፈትሹ። ይህ ጥርስ ሲዝግ ወይም ጭቃ ሲገባበት ሳይናከስ ይቀራል፤ ዓይን አይቶት ያልፋል፣ እጅ ግን ያገኘዋል።

ከዚያ ጎማዎቹ ከመሬት 15 ሴንቲሜትር ያህል እስኪለዩ ይነሳና ይቁም። በብዙ ሊፍቶች የመጀመሪያው የደህንነት ጥርስ ከዚህ ከፍታ በላይ ስለሆነ መኪናውን የያዘው ዘይቱ ብቻ ነው፤ ማንም እጁን ወይም እግሩን ከሥር አያስገባ። ከመኪናው ውጭ ቆመው መከላከያውን በመጀመሪያ ከፊት፣ ቀጥሎ ከኋላ በሁለት እጅ ጠንከር አድርገው ይወዝውዙ። ሙሉ መኪናው ከሊፍቱ ጋር አብሮ ቢወዛወዝ ደህና ነው። መኪናው በፓዱ ላይ ቢራመድ፣ አንዱ ፓድ ሥር ብርሃን ቢታይ፣ «ቋ» የሚል ድምፅ ቢሰማ ወርዶ እንደገና ይቀመጥ። ለአንድ ፓድ ሲባል መኪናው ላይ ሳለ ክንድ በመዶሻ ማስተካከል ፈጽሞ አይሞከርም። ይህ ሁሉ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ወደሚፈለገው ከፍታ ሲደርስ ሥራው ገና አላለቀም። መኪናውን በዘይት ላይ አንጠልጥሎ ከሥሩ መግባት አይቻልም፤ የማውረጃው እጀታ ተጭኖ ሊፍቱ በሁለቱም ምሰሶ ጥርሱ ላይ እስኪያርፍ ይውረድ። ሁለቱ በተመሳሳይ ጥርስ ላይ መቀመጣቸውን ለማወቅ የሁለቱን ተንሸራታቾች ከፍታ ከወለሉ ይለኩ። አንዱ ጥርስ ከፍ ካለ ሁለቱን ጎን እኩል የሚያስኬደው የእኩልነት ገመድ ላልቷል ወይም ከፑሌጃው ወጥቷል። ለማውረድ ደግሞ መጀመሪያ ትንሽ ከፍ ተደርጎ ክብደቱ ከጥርሱ ይነሳል፣ መቆለፊያው በሁለቱም በኩል ይለቀቃል፣ ከዚያ ይወርዳል። ከአንዱ ምሰሶ ብቻ ተለቆ ቢወርድ ሌላው ጎን ጥርሱ ላይ ይቀራልና መኪናው ያዘነብላል። የሚያወርደው ሰው ዓይኑ ከሁለቱም ጎን አይነሳ፤ ከክንድና ከጎማ ሥር የሚደፈጠጥ የእግር ጣት በዚህ ሰዓት ነው የሚገኘው።

መኪናው ዝቅ ብሎ ሳለ ቢያዘነብል እናንተ እንዳደረጋችሁት ሰው አርቆ ማውረድ ይቻላል። ከፍ ብሎ ሳለ ከሆነ ግን እጀታውን አይንኩት። ሁሉም ሰው ይውጣ፣ ኃይሉ ይቋረጥ፣ ዙሪያው ይታጠር፣ ከዚያ ከውጭ በኩል በክሬን ወይም በፎርክሊፍት ይያዝ። ልጆቹ መኪናውን «ልደግፍ» ብለው እንዳይሮጡበት አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ሁለት ቶን የሚደግፍ ትከሻ የለም። የሚሸሹበትም መንገድ ክፍት ይሁን። የሥራ ጠረጴዛ፣ የመሣሪያ ሳጥንና ግድግዳ በመኪናውና በመውጫው መካከል አይግቡ።

ስለ 24ቱ ሰልጣኞች። በአንድ ጊዜ በሊፍቱ ዙሪያ ከስድስት በላይ አይቁሙ፤ አሥራ ስምንቱ በሌላ ሥራ ላይ ይሁኑ፣ ለምሳሌ በጠረጴዛ ላይ የፍሬን ካሊፐር መፍታት፣ በስታንድ ላይ ያለ ካምቢዮ መክፈት። ከስድስቱ አንዱ መቆጣጠሪያው ላይ ይቆማል፣ ሁለቱ የግራና የቀኝ ክንዶችን ያስቀምጣሉ፣ አንዱ ዙሮ የማየት ሥራ ብቻ ይሰጠዋል፣ ሁለቱ የምርመራ ቅጹን ይዘው ይጽፋሉ። ከዚያ ይቀያየራሉ። «ላይ» እና «ታች» የሚል ትእዛዝ ከአንድ ሰው ብቻ ይውጣ። «ቁም!» ግን ከማንም ይሁን፣ ከአዲሱ ሰልጣኝም ቢሆን፣ ቁልፉን የያዘው ወዲያው እጁን ያነሳል። ያለ ምክንያት ቁም ያለ ልጅ አይገሠጽ፤ አንዴ ከተሳቀበት ሁለተኛ አይናገርም።

ከሊፍቱ ዙሪያ 1.5 ሜትር ርቀት ላይ ቢጫ መስመር ያስቀቡ፤ ሲነሳና ሲወርድ ከክንድ አስቀማጮቹ በቀር ማንም አይሻገረው፣ እነሱም ፓዱ ከነካ በኋላ ወደ ውጭ ይውጡ። የኃይሉ ማብሪያ በቁልፍ የሚዘጋ ይሁንና ቁልፉ በእርስዎ ኪስ ይዋል፤ በእረፍት ሰዓት «እስቲ ልሞክር» የሚል አይጠፋም። የማንሻው ቁልፍ ሲለቀቅ ወዲያው እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው። በሽቦ ወይም በላስቲክ አስሮ መያዝ ከተጀመረ ሊፍቱ ተዘግቶ ይቀመጥ። የሚንጠለጠል ነጠላ፣ ሰፊ ጋቢ፣ የተፈታ ጸጉርና ክፍት ጫማ ከመስመሩ ወዲህ አይግቡ፤ ከሥር የሚሠራው መነጽር ያድርግ።

ደረጃውን በዚህ መልክ ቢያስኬዱት ጥሩ ነው። እያንዳንዱ ሰልጣኝ መጀመሪያ ባዶ ሊፍት አምስት ጊዜ ያንሳ፣ ጥርስ ላይ ያሳርፍ፣ ያውርድ። ከዚያ ቀላል የቤት መኪና፣ ቪትዝ ወይም ኮሮላ። እነዚህ ሻንሲ የላቸውም፤ የሚነሱት ከበሩ ሥር ባለው የተጠናከረ ጠርዝ፣ አምራቹ በሁለት ጥርብ ምልክት ባሳየው መካከል ነው። ከምልክቱ ውጭ ወለሉ ቆርቆሮ ስለሆነ ይጎደጉዳል። ፒክአፕና ሃይስ የመጨረሻው ደረጃ ይሁኑ። የጭነት መኪናው አይሱዙ ኤንፒአር ግን በዚህ ሊፍት ላይ አይወጣም። ባዶውን እንኳ ስፖንዳው ተጨምሮ ክብደቱና ርዝመቱ ለእንዲህ ዓይነት ሊፍት አይስማማም፤ ጭነት ሲኖረውማ አይወራም። የማንኛውንም መኪና ክብደት በግምት አይውሰዱት፣ ከሊብሬው ወይም ከአምራቹ መመሪያ ይመልከቱ።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ማሰልጠኛውም መምጣቱ አይቀርም። የእነዚህ ባትሪ ወለሉን ሙሉ ይይዛል፣ ክብደታቸውም በመጠን ከሚመስሏቸው መኪናዎች ይበልጣል። ክንዱ ባትሪውን ሳይነካ አምራቹ ያሳየውን ነጥብ ብቻ መያዝ አለበት። የባትሪው ሽፋን ከተጎደጎደ ጉዳዩ የሊፍት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ያበቃል፤ እሳት ሊነሳ ይችላል።

ወለሉን ያልመረመረ ሰው ሊፍቱን መረመርኩ ሊል አይችልም፤ ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት የቆመው በወለሉ ብሎኖች ነውና። የአሜሪካ አምራቾች ለዚህ መጠን ሊፍት ብዙ ጊዜ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ኮንክሪት ይጠይቃሉ፤ ሌሎች የጥንካሬ ደረጃው ሲ-25 ሆኖ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይላሉ። የእርስዎ ማኑዋል ያለውን ይያዙ። ውፍረቱን ለማወቅ በማይታይ ቦታ በቀጭን ድሪል ቀዳዳ አስወግቶ መለካት ይቻላል። ሴራሚክና የወለል ሊሾ በውፍረቱ ውስጥ አይቆጠሩም። ብሎኑ ከስንጥቅ፣ ከጠርዝና ከመጋጠሚያ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ አዲስ የተሞላ ኮንክሪት 28 ቀን ሳይሞላው ሊፍት አይተከልበት። ጅማ ውስጥ በአዌቱ ወንዝ ዳርቻና በዝቅተኛ ሰፈሮች ያለው ጥቁር ሸክላ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ወለሉም አብሮት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ፣ በተለይ ክረምት ሲወጣ፣ ምሰሶዎቹን በቱምቢ ይለኩ፣ ብሎኖቹን በቶርክ ሪንች በማኑዋሉ ቁጥር ይፈትሹ። ቁጥሩ ላይ ሳይደርስ እየዞረ የሚሄድ ብሎን ቀዳዳው ለቋል ማለት ነው፤ በየሳምንቱ እያጠበቁ ማቆየት ሰውን ማታለል ነው።

መብራት ሲጠፋ መኪናው ጥርሱ ላይ ስላረፈ ምንም አይሆንም። አብዛኛው የሃይድሮሊክ ሊፍት ግን ከጥርሱ ለመነሳት ሞተሩን ስለሚፈልግ መብራት እስኪመጣ እዚያው ይቆያል። በክሪክና በፌሮ ጥርሱን አላቅቆ ለማውረድ የሚሞክር ሰው ቢኖር ይከልክሉት። ሊፍታችሁ በስሪ ፌዝ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ መስመር ከተጠገነ ወይም ጄኔሬተር ከተቀየረ በኋላ መኪና ሳይወጣበት በባዶው ይሞክሩት። ፌዙ ከተገለባበጠ የሃይድሮሊኩ ፓምፕ ወደ ኋላ ይዞራል፣ አያነሳም፣ ይጎዳልም። በሌሎች ማሰልጠኛዎች ያለው በጥርስ ዘንግ (በሚዞር ረጅም ብሎን) የሚሠራ ሊፍት ላይ ከሆነ ይብሳል፤ «ላይ» ሲጫን ይወርዳል፣ ጫፍ ላይ ማቆም የሚገባው ማጥፊያም በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሚሆን አያቆመውም።

በየጠዋቱ የሚታየውን በአጭሩ ላስቀምጥ። ሊፍቱ ወርዶ ሳለ የዘይት መጠን፤ ዘይቱ በማኑዋሉ የተጻፈው የሃይድሮሊክ ዘይት፣ ብዙ ጊዜ ቁጥር 32 ወይም 46 ነው። የፍሬን ዘይት የተጨመረበት ሊፍት ጎሚኒው ያብጥና ያፈሳል፣ እባክዎ ጠርሙሶቹን ያራርቋቸው። የብረት ገመዱ የተበጣጠሰ ክር፣ ዝገት፣ ከፑሌጃው መውጣት። የጅማ እርጥበት ገመድን ከውስጥ ስለሚያዝግ በደረቅ ጨርቅ እየጠረጉ ማኑዋሉ ያዘዘውን ቅባት መቀባት ያስፈልጋል። የቱቦ እርጥበት፣ የብየዳ ስንጥቅ፣ የጥርሱ ድምፅ ከሁለቱም ምሰሶ። የሚመረምረው ሰልጣኝ ስሙን ጽፎ ይፈርም። ከዚህ በላይ በዓመት አንድ ጊዜ ሙያው ባለው መርማሪ መታየት አለበት፤ የአሜሪካው የሊፍት ደረጃ ቢያንስ ይህን ያዛል።

ወደዚያ የኋላ ግራ ክንድ ልመለስ። ከሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በፊት እርስዎ ብቻዎን ሆነው ባዶውን ሊፍት እስከ ወገብ ያንሱ፣ ጥርስ ላይ ያሳርፉ፣ አራቱንም ክንዶች እኩል ዘርግተው የእያንዳንዱን ፓድ ቁመት ከወለሉ ይለኩ። ወለሉ ዘንበል ሊል ስለሚችል በውሃ ልክ ያረጋግጡ። የኋላ ግራው ከሌሎቹ ዝቅ ካለ ክንዱ ጎብጧል ወይም ፒኑ ተበልቷል። ሥሩን አጥበው በባትሪ መብራት ብየዳውን ይዩት፤ ጸጉር የመሰለ መስመር ወይም የተሰነጣጠቀ ቀለም ስንጥቅ ነው። ክንዱን ወደ ጎን ይግፉት፤ ጥርሱ ይዞት ከሆነ አይዞርም። ሁሉም ደህና ከሆነ ኮሮላ አውጥተው 15 ሴንቲሜትር ላይ ያቁሙ፣ ይወዝውዙ፣ አሥር ደቂቃ ቆይተው በኖራ ካሰመሩበት ምልክት ወርዶ እንደሆነ ይዩ። የጎበጠ ወይም የተሰነጠቀ ሆኖ ከተገኘ ግን ክንዱ ከአምራቹ ይምጣ። አቃንቶ መበየድ አይሆንም፤ የብየዳው ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ስለሚለውጠው ያ ክንድ ከዚያ በኋላ 1 ቶን ይችል አይችል የሚያውቅ ሰው የለም።